ከሂትሮው አጠገብ ያለው የእንጨት ጎተራ 600 ዓመት እንዴት ቆመ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ምዕራብ ለንደን ነው። ሰሞኑን ልጆቼን ይዤ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሃርመንድስወርዝ የሚባል መንደር ያለውን ትልቅ የእንጨት ጎተራ አየሁ። ስገባ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ፤ ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝ። 600 ዓመት ሆኖታል፣ አንድም ሚስማር የለውም፣ የተሠራውም ከአሮጌ መርከብ እንጨት ነው አሉኝ። ጎንደር ገጠር ያለው የአያቴ ቤት የእንጨትና የጭቃ ነበር። እኔ ሳድግ እንኳ ምሰሶዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል። እነዚህ ምን ቢያደርጉት ነው የቆየላቸው? የቤተ ክርስቲያን ቅርጽስ ለምን ሰጡት? እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት መሥራት ይቻላል ወይ?

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ። ሥራዬ ያረጁ የእንጨት ሕንጻዎችን መጠገን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም፤ ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የአያትሽ ቤት ምሰሶ እግሩ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። የሃርመንድስወርዙ ምሰሶ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም መጋጠሚያውም፣ ጎበጥ ያሉት ደጋፊዎችም፣ ዕድሜውም በአብዛኛው የመጡት ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን የሰማሻቸውን ወሬዎች እናጥራ። የመርከቡ ነገር ተረት ነው። እንግሊዝ ውስጥ አሮጌ የእንጨት ቤት ባለበት ሁሉ ይህን የሚያወራ ሰው አይጠፋም። የዚህን ቤት እንጨት ግን በዛፍ ቀለበት ዕድሜ የሚለዩ ባለሙያዎች መርምረውታል። ዛፎቹ የተቆረጡት ከ1424 መጨረሻ የብርድ ወቅት እስከ 1426 ጸደይ ባለው ጊዜ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቤቱ የተሠራው በ1426 እና በ1427 ነው። እንጨቱ ከጫካ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ቤት ገባ ማለት ነው። በመሃል ባሕር የሚያቋርጥበት ጊዜ የት አለው?

እንዲህ በትክክል እንዴት ታወቀ ትዪ ይሆናል። ቤቱ የተሠራበት ዛፍ፣ ኦክ የሚባለው፣ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ምቹ በሆነ ዓመት ቀለበቱ ሰፋ ይላል፣ በክፉ ዓመት ይጠብባል። ባንድ አካባቢ ያደጉ ዛፎች ያዩት ሰማይ አንድ ስለሆነ የሰፊና የጠባቡ ቅደም ተከተል ይመሳሰላል። ዓመታቸው ከታወቀ ናሙናዎች ጋር ሲያስተያዩት አንድ ቦታ ላይ ግጥም ይላል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻ ጠርዝ ሳይላጥ ከተረፈ ደግሞ ዛፉ የወደቀበት ወቅት ሳይቀር ይታወቃል። ኦክ በጸደይ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው እንጨት ያበቅላል፣ በበጋው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለውን። የመጨረሻው ቀለበት ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ብቻ ይዞ ከቆመ፣ ዛፉ ጸደይ ላይ መጥረቢያ አገኘው ማለት ነው። በጽሑፍም ቢሆን ምስክር አለ። ዊልያም ኪፒንግ የተባለ አናጢ ከጆን አት ኦክ ጋር ሆኖ ለዚህ ጎተራ እንጨት ፍለጋ ወደ ኪንግስተን እንደተላከ ተመዝግቧል።

የሚስማሩ ነገር ግማሽ እውነት ነው። ዋናውን አጽም የያዘው የእንጨት ችንካር ነው። በሮቹንና የግድግዳ ጣውላዎቹን ብትመረምሪ ግን ብረት ታገኚያለሽ። ችንካሩን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቤቱን ያሠራው ዊንቸስተር ኮሌጅ ነው። ኮሌጅ ይባል እንጂ ትምህርት ቤት ነው። የዊንቸስተሩ ጳጳስ ዊልያም ኦፍ ዋይከም በ1382 አቋቋመው፤ 70 ችግረኛ ተማሪዎች እየበሉ እንዲማሩበት። ይህን ሁሉ ልጅ ለመመገብ ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጳጳሱ ርስት ገዛለት። ሃርመንድስወርዝ በ1391 ከተገዙት አንዱ ነው፤ ከዚያ በፊት ፈረንሳይ አገር ሩዋን ያለ ገዳም ይዞታ ነበር። ብዙ ሰው የአስራት ጎተራ ነው ይላል። አይደለም። የሚገባበት ገበሬው ለቤተ ክርስቲያን ያወጣው አስራት ሳይሆን የባለርስቱ የራሱ እርሻ ምርት ነው። የጉልትን ታሪክ ለሚያውቅ ሐበሻ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ጎተራ ብለሽዋል፤ እኔም እንደዚያው እየጠራሁት ነው። ሥራው ግን ከጎተራ ይሰፋል። እዚህ የሚገባው ተወቅቶ የተበጠረ እህል አይደለም። ነዶው ከነዛላው እየመጣ እስከ ጣራው ድረስ ይከመርበት ነበር። እኛ ዘንድ አዝመራው የሚሰበሰበው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል። ክምሩ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ በሬ ያበራያል፣ ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል። ለዚህ ሁሉ ጣራ ማን ያስፈልገዋል? እንግሊዝ ግን እህሉ የሚታጨደው ኦገስት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰማይ አንቺም ኖረሽበታል። ነዶው ውጭ ከዋለ ይሻግታል ወይም ይበቅላል። ስለዚህ ክምሩም አውድማውም ጣራ ሥር ገቡ። ሠራተኞች ብርዱን ወራት ሙሉ በቆዳ በተያያዘ ሁለት ዱላ እየወቁ ይቀመጡ ነበር። በምሥራቅ በኩል ያየሻቸው ሦስት ትልልቅ በሮች ጋሪ ከነጭነቱ እንዲገባባቸው ነው። ከበሮቹ ፊት ለፊት ያለው ወለል አውድማው ነበር፤ በሩ ሲከፈት ብርሃንም ነፋስም ያገኛል።

ስለዚህ የቤቱን ትልቅነት የወሰነው ክብር አይደለም፣ የነዶው ብዛት ነው። ርዝመቱ ከ58 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ስፋቱ 11 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ቁመቱም 12 ሜትር ይጠጋል። በ12 ክፍል የተከፋፈለ ሲሆን አንዱ ክፍል ወደ 5 ሜትር ይመጣል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልክ እንምጣ። አናጢው የገጠመው ችግር እንዲህ ነው። 11 ሜትር ተኩል ስፋት ባንድ አግዳሚ ልሻገር ቢል፣ ያን ያህል ረጅም፣ ቀጥ ያለና ወፍራም ዛፍ ማግኘት ጭንቅ ነው። ቢያገኝም በራሱ ክብደት መሃሉ ላይ ይረግባል። መፍትሔው ስፋቱን ለሦስት መክፈል ነው። ሁለት ረድፍ ምሰሶ ውስጥ ይቆማል። የመሃሉ ክፍል ሰፊና ከፍ ያለ ይሆናል፣ ግራና ቀኙ ጠባብና ዝቅ ያለ። ጣራው ከጉልላቱ ተነስቶ እስከ ዝቅተኛው የጎን ግድግዳ ባንድ ተዳፋት ይወርዳል። የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩትም ሰፊ አዳራሽ በፈለጉ ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ማን ከማን ቀዳ የሚለው ጭቅጭቅ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም፤ ሁለቱም የያዛቸው የዛፍ ርዝመት ነው። ገጣሚው ጆን ቤጅማን ቤቱን የሚድልሴክስ (የአካባቢው የድሮ አውራጃ) ካቴድራል ብሎ ጠርቶታል። አንቺም ጫማሽን ልታወልቂ ምንም አልቀረሽም። ከደህና ሰው ጋር ተስማምተሻል።

እንግሊዞችም ድሮ ምሰሶ ይቀብሩ ነበር። የመሬት ቁፋሮ የሚያደርጉ ተመራማሪዎች የጥንቶቹን ቤቶች የሚያገኙት በጉድጓዳቸው ነው። ምሰሶው በስብሶ አፈሩ ውስጥ ጠቆር ያለ ክብ ምልክት ብቻ ትቷል፤ ቤቶቹ አንዳቸውም የሉም። እንጨት ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነ ይቆያል። ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመም ይቆያል። የሚበላው እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ይህም የተቀበረ ምሰሶ ላይ ከመሬት ወለል ከፍና ዝቅ ብላ ያለችው አንዲት ስንዝር ናት። የአያትሽ ምሰሶ የተቀየረው ጀርባው ደክሞ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ሄዶበት ነው።

በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር ያሉ አናጢዎች ቀስ በቀስ ምሰሶውን ከመሬት አወጡት። ሃርመንድስወርዝ ላይ እያንዳንዱ ምሰሶ ከሬይጌት በመጣ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ድንጋዩ የመሬቱን እርጥበት ይቆርጠዋል። እዚህ ላይ ግን አዲስ ጣጣ መጣ። የተቀበረ ምሰሶ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ መሬቱ ይይዘዋል። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ምሰሶ ግን ማንም አልያዘውም። ነፋስ ቢገፋው ይወድቃል። እግሩ የላላ ጠረጴዛ ሲነኩት እንዴት ወደ ጎን እንደሚሄድ አስቢው፤ ቤቱ በሙሉ እንደዚያ መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ አናጢው በመሬት መተማመን አይችልም። እንጨቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ራሱን የሚያቆም አጽም መሥራት አለበት። ለእኔ የእንግሊዝ አናጢነት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛው አጥር ነው፤ ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

ያየሻቸው ጎበጥ ያሉ እንጨቶች ለዚሁ ነው የገቡት። ከምሰሶው ተነስተው ወደ አግዳሚው፣ እንደገና ከምሰሶው ተነስተው በርዝመት ወደሚሄደው ተሸካሚ ያዘነብላሉ። ምሰሶ፣ አግዳሚና ደጋፊ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ጎኖቹ ካልተሰበሩ ቅርጹ አይዛባም። ጣራው ውስጥም ከወራጆቹ ሥር ተመሳሳይ ጎባጣ እንጨቶች ታያለሽ። እነዚያ ጣራው በርዝመቱ አቅጣጫ እንዳይንጋደድ የሚይዙ ናቸው። ጎባጣነቱ ለጌጥ አይደለም፤ ዛፉ ራሱ ሲበቅል የጎበጠ ነው። አናጢው ጫካ ገብቶ የሚመርጠው ቀጥ ያለውን ብቻ አይደለም፣ ክርን ያለውንም ለቦታው ይመርጣል። እንዲህ ሲሆን የእንጨቱ ጭረት ከቅርጹ ጋር ይሄዳል፣ አይቆረጥም።

አንድ መጋጠሚያ አለ፣ እኔ ስለእሱ ሳወራ ባለቤቴ ክፍል ትቀይራለች። ከምሰሶው ራስ ላይ ነው። እዚያ ሦስት ወፍራም እንጨቶች ይገናኛሉ፦ ምሰሶው፣ በቤቱ ርዝመት የሚሄደው ተሸካሚ፣ እና ሁለቱን የምሰሶ ረድፎች የሚያያይዘው አግዳሚ። ጣራ ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ እግሮቹን ወደ ውጭ ይገፋል። ምሰሶዎቹን ሊከፍታቸው ይፈልጋል። ይህን የሚይዘው አግዳሚው ነው። ስለዚህ የአግዳሚው ሥር ተሸካሚው ላይ ይፈለፈላል፤ ጫፉ ሰፍቶ አንገቱ ይጠብባል፣ ቢጎትቱት እንዳይወጣ። ምሰሶው ደግሞ ራሱ ላይ ሁለት ምላስ ይወጣለታል፤ አንዱ ተሸካሚው ውስጥ ይገባል፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ አግዳሚው ውስጥ። ሦስቱም እርስ በርስ ተቆላለፉ። ለዚህ ሁሉ ፍልፈላ የምሰሶው ራስ ከግንዱ መወፈር አለበት። ታዲያ እንግሊዝ ውስጥ ባሉ ብዙ ጎተራዎች አናጢዎቹ ዛፉን ገልብጠው ያቆሙታል። የሥሩ በኩል፣ ወፍራሙ፣ ወደ ላይ ይሆናል። እውነቴን ነው፣ ዛፉ በአናቱ ቆሟል።

አሁን ችንካሩ። ኦክ የሚሠራው እርጥብ እያለ ነው። ሲደርቅ መሮ የማይገባለት ይሆናል። ጎኑ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ግንድ ይድረቅ ብለሽ ብትጠብቂ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ትቀመጫለሽ፤ የዊንቸስተር ልጆች እስከዚያ ይራባሉ። ዛፎቹ ከተቆረጡ ሁለት ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቤት የሆኑት ለዚህ ነው። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ቤቱ ከቆመ በኋላ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አናጢው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ምላሱ ላይ ያለውን የችንካር ቀዳዳ፣ ምላሱ ከሚገባበት ከሴቴው እንጨት ቀዳዳ ጋር እኩል አያደርገውም። ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ያዛንፈዋል። ከዚያ ጫፉ የሾለ የደረቀ ችንካር በመዶሻ ይነዳል። ችንካሩ ሁለቱን ቀዳዳ ለማስተካከል ሲታገል መጋጠሚያውን ይስባል። ከዓመታት በኋላ እንጨቱ ሲኮማተርም ያ መሳብ አይላላም። ችንካሩ በመጋዝ አይቆረጥም፤ በጭረቱ ተፈልጦ ነው የሚወጣው፣ አለዚያ ሲመቱት ይሰበራል። ብረት ለምን አልተጠቀሙም? አንደኛ ውድ ነበር። ሁለተኛ ኦክ ውስጥ ያለው ኮምጣጣ ነገር ብረት ይበላል፤ እርጥብ ኦክ ላይ የገባ ሚስማር ዙሪያው ጥቁር እየሆነ ይመነምናል። ምሰሶዎቹ ላይ ያየሻቸው ረጃጅም ስንጥቆችም ከዚሁ መድረቅ የመጡ ናቸው። ጎብኚ ሁሉ ይደነግጥባቸዋል። አብዛኞቹ ቤቱ በተሠራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተፈጠሩ ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አላደረጉም።

ይህ ጥበብ ባንድ ቀን አልመጣም። ቅዳሜ መኪና ካለሽ ኤሴክስ ሂጂና ክሬሲንግ ቴምፕል ያሉትን ሁለት ጎተራዎች እዪ። ያሠሩዋቸው ቴምፕላር የሚባሉት የመስቀል ጦር ባላባቶች ናቸው፤ ሁለቱም የአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን ሥራ ናቸው፣ የገብሱ ቤት የሚባለው ከመጀመሪያው፣ የስንዴው ቤት የሚባለው ከሁለተኛው አጋማሽ። የገብሱ ቤት ደጋፊዎች ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ናቸው። ብዙ ቦታ ላይ አንዱ እንጨት ሌላውን ጠርዙን ተፈልፍሎ ተደርቦ ያልፋል። ሃርመንድስወርዝ ላይ ያ ድርብርብ የለም፤ ሁሉም እርስ በርሱ ውስጥ ገብቷል። ሴሲል ሂዌት የተባለ የኤሴክስ ሰው በ1960ዎቹ እነዚህን መጋጠሚያዎች እያየ ዕድሜያቸውን መገመት ጀመረ። ቤቶቹ ከሚባለው በብዙ ያረጃሉ ሲል ብዙ ምሁር ተጠራጠረው። በኋላ የላቦራቶሪ ምርመራው ቤቶቹ በእርግጥም በጣም ያረጁ መሆናቸውን አሳየ።

ለምን አልበሰበሰም ላልሽው፣ ከድንጋዩ ሌላ ሦስት ነገር ልጨምር። የኦክ መሃል እንጨት ነቀዝና ሻጋታ በቀላሉ አይደፍሩትም። ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ በየስንጥቁ ነፋስ ይገባል፤ የረጠበው ይደርቃል። ጣራው ደግሞ ካላፈሰሰ ሌላው ሁሉ ይታገሳል። ሥራዬ ላይ የማየው ነው፦ አሮጌ የእንጨት ቤት የሚሞተው በዕድሜ አይደለም፣ ማንም ወጥቶ ባልቀየረው አንድ የጣራ ሸክላ ነው።

ለአያትሽ አናጢ ግን ጠበቃ ልቁምለት። የእንግሊዙ አናጢ ምስጥ የሚባል ጠላት አልነበረበትም። በ1990ዎቹ ዴቨን ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት ላይ ምስጥ ተገኘ ሲባል መንግሥት ራሱ ገብቶ ለብዙ ዓመት የማጥፋት ዘመቻ አካሄደ። ለአንድ ኩይሳ! የጎንደር ገበሬ ይህን ቢሰማ ይስቃል። ኦክን ያህል እንጨትም በእጁ አልነበረም። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስጥም ይወደዋል። ጽድና ወይራ እየጠፉ ሲሄዱ ሰው ባህር ዛፍ ላይ የወደቀው ወዶ አይደለም።

ሃርመንድስወርዝም ቢሆን ዕድሉ ሁሌ አልቀናውም። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የእርሻ ሥራ ይሠራበት ነበር። በ2006 አንድ ኩባንያ ገዛው፤ በስንት? በአንድ ፓውንድ። አውሮፕላን ማረፊያው ሦስተኛ ማኮብኮቢያ ቢሠራ መሬቱ ዋጋ ያወጣል ተብሎ ነው የሚታመነው። እስከዚያ ማን ይጠግነዋል? ሸክላው ወደቀ፣ ጣውላው ተነቀለ። የታሪክ ቅርሶችን የሚጠብቀው ድርጅት ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ በ2009 የአስቸኳይ ጊዜ ጥገና አደረገ፤ በ2011 መጨረሻ ደግሞ በ20,000 ፓውንድ ገዛው። ለንደን ውስጥ በዚህ ብር ጋራዥ አይገኝም። ከዚያ ጣራው በሙሉ ተሠራ፣ የተጎዳው እንጨት ተጠገነ። ጥገናው ደስ ይላል። የበሰበሰችው ቦታ ብቻ ትቆረጥና ደህናው እንጨት ላይ አዲስ ኦክ ይቀጠላል። ምሰሶው በሙሉ አይጣልም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ከሁሉም ይከብዳል። እኛ አገር ይቻላል ወይ? ቤቱን እንዳለ ቀድቶ መሥራት ትርጉም የለውም። ኦክ የለንም፤ ያለንን ሀገር በቀል ዛፍ ደግሞ ለዚህ መቁረጥ ነውር ነው። አዝመራችንም ጣራ ሥር መወቃት አያስፈልገውም። እንጨትን ከመሬት አርቆ በድንጋይ የማስያዝ ጥበብ ግን እኛም ዘንድ ጥንት ነበረ። ደብረ ዳሞንና ይምርሐነ ክርስቶስን አስቢ፤ ግንዱ በድንጋዩ መሃል እየተነባበረ ገብቷል፣ ጫፎቹም ወደ ውጭ ብቅ ብቅ ብለዋል።

ሊቀዳ የሚገባው የምሰሶው እግር ነው። ዘመድ ገጠር ቤት ሊሠራ ከሆነ እንዲህ በዪው። ምሰሶውን አትቅበር። ከመሬት ወደ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ሥራና እላዩ ላይ አቁመው። ምስጥ ያን ድንጋይ በአፈር ዋሻው ተጎትቶ መውጣት ይችላል፣ ግን ዋሻው ውጭ ስለሚሆን ታየዋለህ፣ ታፈርሰዋለህ። ምሰሶ ከተቀበረ ግን የምታውቀው ቤቱ ሲያዘነብል ነው። የተቃጠለ ዘይት መቀባቱን እኔ አልወደውም፤ ላዩን ነው የሚነካው፣ አፈሩንም ይመርዛል። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ያለ ይሁን፣ ዝናቡ ጭቃውን እንዳያገኘው። ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ሰያፍ ደጋፊ አስገባ። ጭቃ ቤታችን ሰያፍ እንጨት የማያበዛው ምሰሶው ስለሚቀበርና ማገሩ ከጭቃው ጋር ግድግዳውን ስለሚያጠነክረው ነው፤ ምሰሶውን ካወጣኸው ግን ያለ ሰያፍ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ በደንብ ይሰመርበት። የእንግሊዙ ጎተራ ድንጋይ ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ነፋስ የማይወስደው ጣራው ሸክላ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ካሬ ሜትር ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክብደቱ ቤቱን ወደ ታች ይዞታል። ቆርቆሮ ግን ቀላል ነው። ምሰሶውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በቆርቆሮ የከደነ ሰው አንድ ቀን ጣራውን ከጎረቤት ማሳ ያነሳዋል። ስለዚህ ከድንጋዩ መሠረት ውስጥ ብረት ወጥቶ ምሰሶውን በቡሎን ይያዝ፣ ወራጁም ከምሰሶው ጋር በብረት ይታሰር። እዚህ ላይ ያለ ሚስማር ልሥራ ብሎ መጀነን የለም።

ሃርመንድስወርዝ በድጋሚ ከሄድሽ ባትሪ ያዢ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ደህናው ነገር ደግሞ ላይ ነው። ምሰሶዎቹ ላይ የመጥረቢያውን አሻራ ፈልጊ፤ ብርሃኑን ከጎን ስታደርጊበት ይወጣል። የእንጨት አጽም የሚሠራው መሬት ላይ ተጋድሞ ነው፤ ተገጣጥሞ ይታይና ይፈታል፣ ከዚያ በጋሪ መጥቶ ይቆማል። የቱ ከየት እንደሚገባ እንዳይጠፋ አናጢዎች በየመጋጠሚያው የሮማ ቁጥር ይጭሩ ነበር። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ልጆች ቁጥር ፍለጋ ሲሰማሩ እናቶች እፎይ ይላሉ። በበጋው ወራት በተወሰኑ እሁዶች በነጻ ይከፈታል፤ ቀኑን ሳታረጋግጪ ግን አትውጪ፣ በሩ ተቆልፎ ከልጆች ጋር መመለስ ደስ አይልም።